የዕፅዋት ጭማቂ በዓሣ መኖ ውስጥ፦ ከመጨመር በፊት መለካት

ስለ ዓሣ ሀብት ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ጣናንና የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችን ነው። ይሁንና ደቡብ ወሎም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለም። ከደሴ በስተሰሜን፣ በሐይቅ ከተማ አጠገብ በሚገኘውና በእስጢፋኖስ ገዳም ስሙ በታወቀው ሐይቅ ውስጥ ቆሮሶ (ቲላፒያ) የገባው በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ለአካባቢው ዓሣ አስጋሪዎች የገቢ ምንጭ ለመሆን በቅቷል። ወደ ምዕራብ፣ ወደ ቦረና፣ ወደ ሳይንትና ወደ መቅደላ ስንመጣ ግን መልክዓ ምድሩ ይለወጣል። ደጋው ሰፊ፣ ገደሉ ጥልቅ ነው፤ በገደሉ ሥርም በሽሎና ዓባይ ይፈስሳሉ። በዚህ አካባቢ ዓሣ ማርባት የሚሻ ሰው ኩሬ መቆፈር፣ የዓሣ ጫጩት ከሩቅ ማምጣትና መኖውን በአብዛኛው ራሱ ማዘጋጀት ይኖርበታል።

በኩሬ ውስጥ ተጨናንቆ የሚኖር ዓሣ በቀላሉ ይታመማል። በበርካታ አገሮች ለዚህ ችግር የተሰጠው ፈጣን መልስ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በመኖው ላይ መጨመር ነበር። ውሎ አድሮ ግን መድኃኒቱን የተለማመዱ ባክቴሪያዎች ተፈጠሩ፤ እነዚህም ከእንስሳት አልፈው ለሰው ሕክምና ሥጋት ሆኑ። የአውሮፓ ኅብረት ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒትን ለእንስሳት እድገት ማፋጠኛነት በመኖ ውስጥ መጠቀምን እ.ኤ.አ. ከጥር 2006 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ከልክሏል። ተመራማሪዎችም ፊታቸውን ወደ ዕፅዋት አዙረው ነጭ ሽንኩርትን፣ ዝንጅብልን፣ ጥቁር አዝሙድን፣ አብሽንና ሽፈራውን በዓሣ መኖ ውስጥ መፈተን ጀመሩ።

እነዚህን ዕፅዋት የእኛ ኅብረተሰብ ከጓሮውና ከማጀቱ ያውቃቸዋል። ስለዚህ ነገሩ ቀላል ሊመስል ይችላል፤ ዕፁ የታወቀ ነው፣ ተፈጥሯዊ ነው፣ ወጪውም ትንሽ ነው፤ ታዲያ መኖው ላይ ቢበተን ምን ይጎዳል? በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ ጥያቄ ነው። እኛ የፊዚክስ መምህር በመሆናችን ጉዳዩን የምንመለከተው ሊለካ ከሚችለው ወገን ነው። አንድ ዕፅ ለዓሣ ጠቃሚ ወይም ጎጂ የሚሆነው በስሙ ሳይሆን በመጠኑ፣ በአዘገጃጀቱና ዓሣው በሚኖርበት ውኃ ሁኔታ መሆኑን ለማሳየት እንሞክራለን።

ዕፅዋት በዓሣው አካል ውስጥ ምን ይሠራሉ?

ዕፅዋት መንቀሳቀስ ስለማይችሉ ከነፍሳት፣ ከሻጋታና ከባክቴሪያ ራሳቸውን የሚከላከሉት በኬሚካል ነው። ሽታቸው፣ ምሬታቸውና የሚያቃጥል ጣዕማቸው በአብዛኛው ከዚህ የመከላከያ ኬሚካል የሚመነጭ ነው። ይህ ኬሚካል በተመጠነ ሁኔታ ወደ ዓሣ አንጀት ሲገባ ሦስት ዓይነት ጥቅም ሊሰጥ ይችላል። አንደኛ፣ በአንጀት ውስጥ ያሉ ጎጂ ባክቴሪያዎችን ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ የምግብ ፍላጎትንና የምግብ መፍጫ ኢንዛይሞችን ያነቃቃል። ሦስተኛ፣ የዓሣውን ተፈጥሯዊ የበሽታ መከላከያ፣ ማለትም ነጭ የደም ሴሎችንና በቆዳው ልጋግ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያ ገዳይ ፕሮቲኖችን ሊያጠናክር ይችላል።

«ሊሰጥ ይችላል» ያልነው በምክንያት ነው። በግብፅ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት በአንድ ኪሎ የቆሮሶ መኖ ላይ ከ10 እስከ 40 ግራም የሚደርስ ነጭ ሽንኩርት እየጨመረ አነጻጽሯል። የተሻለው እድገት የታየው በ40 ግራም ሳይሆን በ30 ግራም ነበር። በጀርመን የሆሄንሃይም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት ጥናት ደግሞ የሽፈራው ቅጠል ዱቄት ከመኖው ፕሮቲን እስከ 10 በመቶ የሚሆነውን ሲተካ የቆሮሶው እድገት እንዳልተጎዳ፣ ከዚያ በላይ ሲጨመር ግን እድገቱ እንደቀነሰ አሳይቷል። ከሁለቱም የምንማረው አንድ ነገር ነው፤ የጥቅሙ መስመር እስከ አንድ ነጥብ ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ ይቆማል ወይም ይወርዳል። ኮሶ የሚጠጣ ሰው መጠኑ ሲያልፍ ምን እንደሚደርስበት ለሚያውቅ ኅብረተሰብ ይህ እንግዳ ትምህርት አይደለም።

ብርብራና እንዶድ የሚሰጡት ማስጠንቀቂያ

በአገራችን ዕፅዋትና ዓሣ ከተገናኙ ቆይተዋል፤ የተገናኙት ግን በማርባት ሳይሆን በመግደል ነው። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ወደ ወንዝ ሲጨመር ዓሦቹ ደንዝዘው ወደ ላይ ይንሳፈፋሉ። ወደ ጣና በሚገቡ ወንዞች ውስጥ፣ ዓሦች ዕንቁላል ለመጣል ተሰብስበው በሚወጡበት ወቅት በዚህ መንገድ መጠመዳቸው ለሐይቁ የዓሣ ዝርያዎች መመናመን ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ነው። በፍሬው ውስጥ ያለው ሮቴኖን የሚባል ውሁድ በዓሣው ሴሎች ውስጥ ኦክስጅንን ወደ ኃይል የመለወጡን ሂደት ያግዳል። ውኃው በኦክስጅን የተሞላ ቢሆንም ዓሣው ሊጠቀምበት አይችልም። ሮቴኖን በውኃ ውስጥ በቀላሉ አይሟሟም፤ በስብ ውስጥ ግን ይሟሟል። በዚህም ምክንያት ስስ ከሆነው የዓሣ ስንጥብ (ኦክስጅን ከሚቀበልበት አካል) በፍጥነት ያልፋል።

እንዶድም ሌላ ምሳሌ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ተመልክተው የጀመሩት ምርምር፣ የቢልሃርዝያ ተሸካሚ የሆነውን ቀንድ አውጣ በእንዶድ መቆጣጠር እንደሚቻል አሳይቷል። ለዚህም ሥራ ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 «አማራጭ ኖቤል» በመባል የሚታወቀውን ሽልማት ተቀብለዋል። በእንዶድ ውስጥ ያለው ሳፖኒን አረፋ የሚፈጥረው የውኃን የገጽ ውጥረት ስለሚቀንስ ነው። ንጹሕ ውኃ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለው የገጽ ውጥረት በሜትር 73 ሚሊኒውተን ያህል ነው፤ ሳፖኒን ይህንን ሲቀንስ ልብስ ይጸዳል። ያው ሳፖኒን ግን የሴልን ሽፋን ስለሚበሳ የዓሣን ስንጥብና ቀይ የደም ሴሎች ያበላሻል። ሳፖኒን በአብሽና በሽፈራው ቅጠል ውስጥም በልዩ ልዩ ዓይነትና መጠን ይገኛል። «ገዳይ ዕፅ» እና «አጋዥ ዕፅ» የምንላቸው፣ እንግዲህ፣ ከምናስበው በላይ የተቀራረቡ ናቸው።

ልዩነቱን በቁጥር እንመልከት። 200 ካሬ ሜትር ስፋትና 1 ሜትር ጥልቀት ያለው ኩሬ 200,000 ሊትር ውኃ ይይዛል። በውስጡ እያንዳንዳቸው 100 ግራም የሚመዝኑ 200 ቆሮሶዎች ቢኖሩ አጠቃላይ ክብደታቸው 20 ኪሎ ነው። በቀን የክብደታቸውን 3 በመቶ ቢመገቡ የሚያስፈልገው መኖ 600 ግራም ይሆናል። በኪሎ 30 ግራም ነጭ ሽንኩርት ብንጨምር የቀኑ ድርሻ 18 ግራም ብቻ ነው። ይህንኑ 18 ግራም በመኖው ፈንታ ወደ ኩሬው ብንበትነው በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ የሚገኘው 0.09 ሚሊግራም ይሆናል፤ ከዚህም ዓሣው የሚያገኘው ጥቅም አይኖርም። በሌላ በኩል 10 ግራም ንጹሕ ሮቴኖን በዚያው ኩሬ ቢበተን በሊትር 0.05 ሚሊግራም ይሆናል፤ ይህ መጠን ብዙ ዓሣ ለመግደል ይበቃል። ለአንዱ ዕፅ ከቁጥር የማይገባው መጠን ለሌላው ዕፅ የሞት መጠን ነው ማለት ነው። ስለዚህ የማናውቀውን ዕፅ «ትንሽ ነው» ብለን ወደ ኩሬ መጨመር የለብንም።

ከቅጠሉ ወደ ጭማቂው

ዕፁን በአንድ ፈሳሽ ዘፍዝፈን የምናገኘውን በዚህ ጽሑፍ «ጭማቂ» እንለዋለን። ከአንድ ቅጠል የሚወጣው ጭማቂ ግን አንድ ዓይነት አይደለም፤ የሚወስነው የመዘፍዘፊያው ፈሳሽ ነው። የውኃ ሞለኪውል አንዱ ጫፉ አዎንታዊ፣ ሌላው አሉታዊ የኤሌክትሪክ ጸባይ ስላለው፣ ተመሳሳይ ጸባይ ያላቸውን እንደ ታኒንና ሳፖኒን ያሉ ውሁዶች ያወጣል። ዘይት ይህ ጸባይ ስለሌለው የሚያወጣው በስብ የሚሟሟውን ነው። አልኮል በሁለቱ መካከል ይገኛል። ይህን በቁጥር የሚገልጸው የዲኤሌክትሪክ ቋሚ በክፍል ሙቀት ለውኃ 80፣ ለኢታኖል 25፣ ለምግብ ዘይት 3 ያህል ነው። በሽፈራው ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ቅጠሉ አስቀድሞ በሜታኖል ታጥቦ ሳፖኒንና መሰል ውሁዶች ሲወገዱለት፣ የቀረው ዱቄት ካልታጠበው በተሻለ ለቆሮሶ ተስማምቷል። ስለዚህ «የሽፈራው ጭማቂ» ብቻ ብሎ መናገር አይበቃም፤ በምን ፈሳሽ፣ በስንት ዲግሪ፣ ለስንት ሰዓት እንደተዘፈዘፈ መገለጽ አለበት።

ሙቀት ሌላው ወሳኝ ነገር ነው። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 73 በመቶ ያህል ነው። በዚህም ምክንያት ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው። በሌላ አገር «ለ15 ደቂቃ ይፍላ» ተብሎ የተጻፈ አዘገጃጀት በእኛ ደጋ ላይ የተለየ ውጤት ሊሰጥ ይችላል። ለነጭ ሽንኩርት ደግሞ ጨርሶ መፍላት አይስማማውም። ባክቴሪያን የሚያጠቃው አሊሲን የተባለ ውሁድ ባልተነካ ነጭ ሽንኩርት ውስጥ የለም፤ የሚፈጠረው ሽንኩርቱ ሲወቀጥ በተለያየ ክፍል የነበሩ አንድ ኢንዛይምና አንድ ውሁድ ሲገናኙ ነው። በሙቀትም በቀላሉ ይፈርሳል። ስለዚህ መወቀጥ፣ ለጥቂት ደቂቃ ማቆየት፣ ከዚያም ከቀዘቀዘ መኖ ጋር ማዋሐድ ይገባል። ከሚፈላ ገንፎ ጋር የተዋሐደ ነጭ ሽንኩርት ሽታው ቢቀርም ዋናውን ጉልበቱን ያጣል።

ከእጃችን እስከ ዓሣው አፍ

የዓሣ መኖ ከዶሮ መኖ የሚለየው ከመበላቱ በፊት ውኃ ውስጥ መግባቱ ነው። በመኖው ውስጥ ያለው ጭማቂ ከውኃው ጋር እንደተገናኘ መውጣት ይጀምራል። የሚወጣበትን ጊዜ በግምት ለማወቅ የቅንጣቱን ሬዲየስ በራሱ አባዝተን ለሥርጭት መለኪያው እናካፍላለን። ለትንንሽ ሞለኪውሎች በውኃ ውስጥ ይህ መለኪያ በሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ሬዲየሱ 1 ሚሊሜትር ለሆነ እንክብል የሚገኘው ጊዜ 1,000 ሰከንድ ወይም 17 ደቂቃ ያህል ነው። ሬዲየሱ 0.1 ሚሊሜትር ለሆነ የዱቄት ቅንጣት ግን 10 ሰከንድ ብቻ ይሆናል። ሬዲየሱ በ10 ሲቀንስ ጊዜው በ100 ይቀንሳል።

ከዚህ ስሌት ተግባራዊ ምክር እናገኛለን። የኑግ ፋጉሎና ፍሩሽካ በዱቄትነት ተደባልቆ ጭማቂ ተርከፍክፎበት ወደ ኩሬ ሲበተን፣ ዓሣው ከመድረሱ በፊት ጭማቂው አብዛኛው ውኃ ውስጥ ቀርቷል። ድብልቁን በተቀቀለ ስታርች አጣብቆ፣ ቀዝቅዞ ጭማቂው ከገባበት በኋላ እንክብል አድርጎ ማድረቅና በስሱ ዘይት መቀባት መፍሰሱን ያዘገያል። መኖውን በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ከፍሎ፣ ዓሦቹ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሚጨርሱትን ያህል ብቻ መስጠትም እንዲሁ።

ያልተበላው መኖ ደግሞ በኩሬው ላይ ዕዳ ነው። ሲበሰብስ ኦክስጅን ይወስዳል፤ 1 ኪሎ ደረቅ ቅጠል ሙሉ በሙሉ ቢበሰብስ ከ1 ኪሎ ያላነሰ ኦክስጅን ይፈልጋል። ከላይ በጠቀስነው ኩሬ ውስጥ በሊትር 7 ሚሊግራም ኦክስጅን ቢኖር አጠቃላዩ 1.4 ኪሎ ብቻ ነው። እርግጥ መበስበሱ በቀናት ውስጥ የሚፈጸም ነው፤ ከአየርም አዲስ ኦክስጅን ይገባል። ቢሆንም ለዓሣው ጤና ብለን በብዛት የበተንነው ቅጠል ሌሊት ሌሊት ዓሣውን ሊያፍን እንደሚችል ከዚህ ንጽጽር መገንዘብ ይቻላል።

ደጋው፣ ቆላውና የውኃው ሙቀት

አሁን ለአካባቢያችን ዋነኛ ወደምንለው ጉዳይ ደርሰናል። ዓሣ የሰውነቱን ሙቀት በራሱ አይቆጣጠርም፤ የሰውነቱ ሙቀት የውኃው ሙቀት ነው። ቆሮሶ በደንብ የሚያድገው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ውኃ ነው። ከ20 ዲግሪ በታች ፍላጎቱ ይቀንሳል፤ ከ16 ወይም 17 በታች መብላቱን ያቆማል ለማለት ይቻላል፤ ከ10 እስከ 12 ባለው ደግሞ ይሞታል። በደጋው ላይ የሚገኝ ኩሬ አማካይ ሙቀቱ 15 ዲግሪ ነው ብንል፣ በዚያ የገባ ቆሮሶ በሕይወት ቢቆይም አይበላም። መኖ የማይበላ ዓሣ በመኖው ውስጥ ያለውንም ዕፅ አይበላም። የትኛውም ጭማቂ ይህን አይለውጥም።

ነገር ግን ይኸው ገደል፣ ለመንገድ ሥራ አስቸጋሪ የሆነው፣ ለዓሣ ዕድል ይሰጣል። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲቀንስ የአየር ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይጨምራል። ከ2,600 ሜትር ወደ 1,500 ሜትር የወረደ ሰው 7 ዲግሪ ያህል ያተርፋል፤ 15 የነበረው 22 ይሆናል። በበሽሎና በዓባይ ሸለቆ ተዳፋት ላይ ይህን ለውጥ በአንድ ቀን የእግር ጉዞ ማግኘት ይቻላል። በ2,000 ሜትር ገደማ ላይ በሚገኘው ሐይቅ ቆሮሶ መኖርና መራባት መቻሉም የወይና ደጋው ከፍታ የማይቻል እንዳልሆነ ያሳያል።

«ወደ ቆላ ስንወርድ ውኃው ስለሚሞቅ ኦክስጅን አይቀንስም ወይ?» የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። የሞቀ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን በእርግጥ ያነሰ ነው፤ ግን የአየር ግፊቱ ይጨምራል። ስናሰላው በ2,600 ሜትር በ16 ዲግሪ ያለ ውኃ በሊትር እስከ 7.2 ሚሊግራም፣ በ1,500 ሜትር በ25 ዲግሪ ያለ ውኃ ደግሞ እስከ 6.9 ሚሊግራም ይይዛል። ልዩነቱ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ የሞቀው ዓሣ የበለጠ ስለሚተነፍስ፣ ማለዳ ላይ ኦክስጅኑን መከታተል ያስፈልጋል።

ወደ ቆላ መውረድ ለማይችል የደጋ ገበሬስ? ከኩሬ ሙቀት ከሚያወጡት ነገሮች ዋነኛው ትነት ነው። ከ200 ካሬ ሜትር ኩሬ በቀን 4 ሚሊሜትር ውኃ ቢተን 800 ኪሎ ውኃ ይሄዳል፤ ይህም 1,960 ሜጋጁል ያህል ሙቀት ይዞ ይወጣል። ይህ ሙቀት የኩሬውን ውኃ በሙሉ ከ2 ዲግሪ በላይ ለማሞቅ የሚበቃ ነው። ከነፋስ መከለልና አየር ማስገቢያ ያለው የላስቲክ ሽፋን መዘርጋት ከማንኛውም ቅጠል በፊት ሊታሰብበት ይገባል። ከቆሮሶ ይልቅ ቅዝቃዜን የሚቋቋመውን ካርፕ መምረጥም ሌላው አማራጭ ነው።

ሙከራው እንዴት ይካሄድ?

ሙቀቱ የተስተካከለ፣ ውኃው ንጹሕ የሆነ ኩሬ ያለው ሰው ዕፅዋትን መፈተን ይችላል። ፈተናው ግን «ጨመርኩበት፣ ዓሣው አደገ» በሚል ብቻ አይጠናቀቅም፤ ሳይጨመርበትም ሊያድግ ይችል ነበርና። የሚከተለውን ቅደም ተከተል እንመክራለን፦

1. በአንድ ኩሬ ውስጥ 12 እኩል የመረብ ቤቶች ማዘጋጀት፣ በእያንዳንዱም ቁጥራቸውና ክብደታቸው ተቀራራቢ የሆኑ ዓሦች ማስገባት።

2. ሦስቱን ቤቶች ምንም ዕፅ የሌለበት መኖ መመገብ፤ የቀሩትን ዘጠኝ በሦስት መደብ ከፍሎ፣ ለምሳሌ በኪሎ 10፣ 20 እና 30 ግራም ነጭ ሽንኩርት መስጠት። የትኛው ቤት የትኛውን መኖ እንደሚያገኝ በዕጣ መለየት።

3. የውኃውን ሙቀት ማለዳና ከቀትር በኋላ በየቀኑ መመዝገብ።

4. በየሁለት ሳምንቱ ዓሦቹን መመዘን፣ የሞተውን መቁጠር፣ የተበላውን መኖ መመዝገብ፤ ይህንም ለ8 ሳምንታት መቀጠል።

በመጨረሻ ሁለት ነገር ይሰላል። የመጀመሪያው የተበላው መኖ ለተገኘው የክብደት ጭማሪ ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን መኖው የተሻለ ነው። ሁለተኛው የቀን እድገት ነው፤ የመነሻው ክብደት የተፈጥሮ ሎጋሪዝም ከመጨረሻው ክብደት የተፈጥሮ ሎጋሪዝም ተቀንሶ ለቀናቱ ቁጥር ይካፈላል። ለምሳሌ በ56 ቀን ከ10 ወደ 20 ግራም ያደገ ዓሣ የቀን እድገቱ 1.24 በመቶ ነው። በመደቦቹ መካከል ያለው ልዩነት በአንድ መደብ ውስጥ ባሉት ሦስት ቤቶች መካከል ካለው ልዩነት ካልበለጠ፣ ዕፁ ሠርቷል ለማለት አይቻልም። ይህም ቢሆን ውጤት ነው፤ ገበሬው ባልሠራ ነገር ላይ ገንዘቡን እንዳያወጣ ያደርጋልና።

ሰንጠረዥ፣ ሚዛንና ቴርሞሜትር በማንኛውም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሊገኙ የሚችሉ መሣሪያዎች ናቸው። በመኖ ላይ የሚጨመረው ዕፅ የሚበላ፣ የታወቀና ከዝቅተኛው መጠን የሚጀመር ይሁን። ብርብራና እንዶድ ግን ከኩሬም ከወንዝም ይራቁ። የባዮሎጂ፣ የኬሚስትሪና የፊዚክስ ተማሪዎች በጋራ ሊሠሩት የሚችሉት እንዲህ ያለ ሙከራ ለአካባቢያችን ገበሬ የሚሰጠው ጥቅም ቀጥተኛ ነው፤ በሌላ አገር ውኃና በሌላ አገር ሙቀት የተገኘውን ቁጥር ከመዋስ ይልቅ፣ በራሳችን ደጋና ሸለቆ የተለካ ቁጥር ይኖረናል።